«እንዴት ነው የምትጠፋው?»

አሮጌ የናፍታ ሞተር አንዴ ከተነሳ በኋላ ከኤሌክትሪክ የሚፈልገው ቢበዛ አንድ ሽቦ ብቻ ነው። የቤንዚን ሞተር ካንዴላ አለው፣ ኮይል አለው፤ ብልጭታው ሲቋረጥ ይቆማል። ናፍታው ግን ብልጭታ አያውቅም። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 አውግስቡርግ ላይ ሞተሩን አሠርቶ ባሳየ ጊዜ ነዳጁን ያቀጣጠለው ተጨምቆ የጋለ አየር ነበር። የአባቴ ሃይሉክስም ከዚያ 90 ዓመት ገደማ ዘግይታ ተሠርታ በዚያው መንገድ ነበር የምትሄደው። አየሩን ከ20 እጥፍ በላይ ትጨምቀዋለች፣ አየሩ ይግላል፣ ናፍታው በኖዝል ሲረጭበት ይነዳል። ያቺ አንድ ሽቦ ከቁልፉ ተነስታ ፖምፓው ላይ የተገጠመች ትንሽ ቫልቭ ጋ ትደርሳለች። ቁልፉ ሲከፈት ቫልቯ በኤሌክትሪክ ተስባ ለናፍታው መንገድ ትለቃለች፤ ሲዘጋ በስፕሪንግ ተመልሳ ትደፍነዋለች፣ ሞተሩም ይጠፋል። ዲናሞው ቢሞት፣ መብራቱ ሁሉ ቢጠፋ፣ ለዚያች ሽቦ 12 ቮልት እስካልተቋረጠባት ድረስ መኪናዋ አገር ታቋርጣለች።

በ1980ዎቹ መጨረሻ የቤታችን እንጀራ በዚያች ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እኛ ግን አላወቅንም።

አባቴ ከመርካቶ ጨርቅ፣ ሳሙናና የላስቲክ ጫማ ጭኖ ወደ ወሎ ይወርዳል። ሰኞ ባቲ ገበያ ይውላል፤ ሲመለስ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ይጭናል። ትምህርት ሲዘጋ እኔም አብሬው እሄዳለሁ። መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። ከደብረ ብርሃን ብርድ ወጥቶ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ዋሻውን አልፎ ደብረ ሲናን ይነካና በጥምዝምዙ ሲወርድ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ይላል። ሲሄዱ ፍሬን የሚፈተንበት ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ሽንኩርት ተጭኖ የሚወጡት ዳገት ነው። መኪናዋ መጥፋት የጀመረችው እዚህ መንገድ ላይ ነው።

ጠፍታ ብትቀር ኖሮ በአንድ ቀን ተሠርታ በወጣች ነበር። ግን ጥቂት ቆይታ ትነሳለች። አንዳንዴ ስንገፋት፣ አንዳንዴ የፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ደጋግመን ስንጫን፣ አንዳንዴ ደግሞ ማንም ሳይነካት። አዲስ አበባ ገብታ ጋራዥ ስትቆም ግን እንከን አይገኝባትም።

የመጀመሪያው ጋራዥ ፊልትሮ ለወጠ። ሌላው ታንኩን አውርዶ አጠበ፤ ያኔ በየመንገዱ ከበርሜል የሚቀዳ ናፍታ ስለምንገዛ ከታንኩ ውኃና ደለል ወጣ፣ ሁላችንም በሽታው ተገኘ ብለን ደስ አለን። ቀጥሎ የመጣው «ፖምፓው ይፈታ» አለ። ፖምፓ ማስፈታት ቀላል ወጪ አይደለም። በውስጡ ያሉት ብረቶች በማይክሮን በሚለካ ክፍተት የተገጣጠሙ ስለሆኑ ሥራው ልዩ ባለሙያና ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል። አባቴ ተበድሮ አስፈታው። ፖምፓው ተስተካክሎ፣ ኖዝሎቹ ተፈትሸው ተመለሱ፤ ጭሷም ቀነሰ፣ ጉልበቷም ጨመረ። ከዚያ ደብረ ሲና ሳንደርስ ዳገቱ ላይ ጠፋች።

ዛሬ ሳስበው እነዚያ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፣ ሌቦችም አልነበሩም። ሁሉም የገመቱትን ለወጡ። ሲለውጡ ግን መኪናዋ ደህና ነበረች፤ ስለዚህ የለወጡት ነገር ያድናት አያድናት የሚያዩበት መንገድ አልነበራቸውም። የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት ከባድነቱ እዚህ ላይ ነው። ሰው የሚጠግነውን ነገር ሳያየው ነው የሚጠግነው።

በመጨረሻ አንድ ዘመዳችን ከሶማሌ ተራ ብዙም ወደማይርቅ ግቢ ወሰደን። ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው፣ በዕድሜያቸው የገፉ፣ ድሮ ከባድ መኪና ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ነበሩ። አባቴ ኮፈኑን ሊከፍት ሲሄድ «ተወው፣ አሁን ምን ይታያል?» ብለው ዱካ አቀረቡለት። እኔ ከኋላው ቆምኩ።

«እህ፣ ምን ሆነች?»

«ትጠፋለች፣ ጋሼ።»

«እንዴት ነው የምትጠፋው?»

«በቃ፣ ትጠፋለች!»

«ቁልፍ እንደመዝጋት ድርግም ነው? ወይስ እየተንገጫገጨች፣ እየደከመች?»

አባቴ ዝም አለ። ያን ሁሉ ጊዜ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔ ሳላስበው «ሁለቱም» አልኩ። አባቴ ሊቆጣኝ ዞር ሲል ጋሼ በእጃቸው አስቆሙት። «ተወው፤ ልጁም አብሮህ ነው የሚሄደው። ይንገረን።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ ጊዜ አስታውሰዋለሁ፤ መኪና ሳይነካ ከሰዓት በኋላው በጥያቄ አለቀ። ዳገት ላይ ናት ወይስ ሜዳ? ናፍታው ሙሉ ነበር ወይስ ጎድሎ? አስፋልት ወይስ ኮረኮንች? ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት ጉልበት ቀነሰ? መልሳ ስትነሳ በእጅ ፓምፕ ነው ወይስ በራሷ? ማርሽ ውስጥ ሆና ጠፍታ፣ ነጥቃ ራሷ ተነስታ ታውቃለች? ደግሞ አንዱን ጥያቄ ደጋግመው ጠየቁ፦ ስትጠፋ ዳሽቦርዱ ላይ የትኞቹ መብራቶች በሩ?

የመጨረሻው ጥያቄ ትርጉም የገባኝ ዘግይቶ ነው። ቁልፉ ክፍት ሆኖ ሞተር ሲቆም የባትሪውና የዘይቱ ቀይ መብራቶች መብራት አለባቸው። ካልበሩ፣ ዳሽቦርዱ ጭር ካለ፣ ኤሌክትሪኩ ከምንጩ ተቋርጧል ማለት ነው፤ የባትሪው ጫፍ ይታያል፣ ዋናው ፊውዝ ይታያል፣ ኳድሮው ይታያል። ከበሩ ግን ያ ሁሉ ደህና ነው፤ የጎደለው ወይ ናፍታ ነው ወይ ያቺ አንዷ ሽቦ። በአንድ ጥያቄ የመኪናው ግማሽ ከጥርጣሬ ይወጣል። አባቴ መብራቶቹን ልብ ብሎ አያውቅም ነበር። እኔ ግን ቀዩን የባትሪ መብራት አስታወስኩ፤ በጨለማ ስንቆም የማየው እሱን ብቻ ስለነበር።

አባቴም ቀስ በቀስ ነገሩ ይመለስለት ጀመር። አዎ፣ ዳገት ላይ ስትጠፋ ቀድማ ትዝላለች፣ ትንቀጠቀጣለች፤ ታንኩ ከግማሽ በታች ሲሆን ይብሳል፤ በእጅ ፓምፕ ካልሆነ አትነሳም። ቁልቁለት ላይና ኮረኮንች ላይ ግን ሌላ ናት። ድርግም ትላለች፣ ከዚያ ማርሽ ውስጥ እንዳለች ነጥቃ ትነሳለች።

ጋሼ ተነሱ። «ሁለት ናቸው» አሉ። «አንዱን ሲነኩ ሌላው ይመጣባቸዋል። ለዚህ ነው ሁሉንም ያሳሳቷቸው።»

የዳገቱን በቶሎ አገኙት። በዚያ ዓይነት መኪና ናፍታውን ከታንክ የሚስበው ራሱ ፖምፓው ነው፤ በመንገዱ ሌላ የሚገፋለት ነገር የለም። ስለዚህ ከታንክ እስከ ፖምፓ ያለው ቱቦ ሁሉ በመሳብ ላይ ነው። ቀዳዳ ቢኖረው ሞተሩ እየሠራ ናፍታው ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። መሬት ላይ የናፍታ ጠብታ ስላላዩ «አያፈስም» ብለው የፈረዱት ሁሉ በዚህ ነው የተታለሉት። ዳገት ሲሆን ደግሞ ከኋላ ያለው ታንክ ከፖምፓው አንጻር የበለጠ ዝቅ ይላል፣ ታንኩ ሲጎድል መሳቡ ይከብዳል፣ ሞተሩም በጭነት ብዙ ናፍታ ይጠይቃል። ትንሿ ስንጥቅ ያኔ ትከፈታለች። ጋሼ ከፊልትሮው እስከ ፖምፓው ያለውን የጎማ ቱቦ አወለቁና በምትኩ ውስጡ የሚታይ ላስቲክ ቱቦ ገጠሙ። ሞተሩን አስነስተው ነዳጅ ሲሰጡት ናፍታው ውስጥ አረፋ ተሰልፎ ሲያልፍ አየሁ። ያየሁትን እንድናገር ጠየቁኝ። ከዚያ ወደ ኋላ እየሄዱ ታንኩ አናት ላይ፣ የብረቱ ቧንቧ ከጎማው የሚገናኝበት ላይ ደረሱ። ጎማው ከፋሼታው ሥር ተሰንጥቆ ነበር። በጣት ካልታጠፈ አይታይም። ከመለዋወጫ ሻጭ አዲስ ጎማና ሁለት ፋሼታ ተገዛ፤ አረፋው ቆመ።

አባቴ ሊከፍል ኪሱን ሲዳብስ «ገና ነው» አሉት። «አንዱ ቀርቷል፤ እሱ ደግሞ እዚህ አይመጣም። ምስክር አስቀምጬ እልክሃለሁ።»

ምስክሩ አምፖል ነበረች። የዳሽቦርድ ትንሽ አምፖል፣ ከሁለት ረጅም ሽቦ ጋር። አንዱን ጫፍ ፖምፓው ላይ ካለችው ቫልቭ ሽቦ ጋር አሰሩ፣ ሌላውን ከሞተሩ ብረት ጋር፤ አምፖሏን በመስኮት አሳልፈው ሾፌሩ ፊት ለፊት በናስትሮ ለጠፏት። ቁልፉ ሲከፈት በራች። «ሞተሩ ሲጠፋ እሷን እይ» አሉኝ። «እሷም ከጠፋች ኤሌክትሪክ ነው። እሷ እየበራች ሞተሩ ከጠፋ ወይ ቫልቯ ናት ወይ ናፍታው። አባትህ መንገዱን ያያል፣ አንተ አምፖሏን።»

በግቢው ውስጥ ሌላ ወጣት ኤሌክትሪሻን ነበረ፤ ዲጂታል ቴስተር ይዞ መጥቶ ሽቦዋን ለካ። «12 ነጥብ ምናምን ነው፣ ደህና ናት» አለ። ጋሼ አልተከራከሩትም፤ ግን ለእኔ ጎንበስ ብለው ያስረዱኝ ነገር ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አድኖኛል። ቴስተር ከሽቦው የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም። ሽቦው ከውስጥ ተበጣጥሶ አንዲት ጭራ ብቻ ብትቀረው እንኳ ቴስተሩ 12 ቮልት ያነባል። አምፖል ግን ይጠጣል። ያቺ አንዲት ጭራ የአምፖሉን ጭነት መሸከም ሲያቅታት አምፖሉ ይፈዛል። ስለዚህ ጥርጣሬ ያለበት ሽቦ የሚለካው ሥራ ላይ እያለ ነው።

በመጀመሪያው ጉዞ ምንም አልሆነችም። አባቴ አምፖሏን ሊነቅላት ፈለገ፤ እኔ ተሟገትኩ። በተከታዩ ጉዞ ከደብረ ሲና በታች ጥምዝምዙን ስንወርድ ሞተሩ ድርግም አለ። አምፖሏም ጠፋች። ሰውነቴ ሁሉ «ጠፋች! አምፖሏ ጠፋች!» እያለ ይጮህ ነበር፤ የምለው ሌላ አልነበረኝም። አባቴ ፍሪሲዮን አልረገጠም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ ያለ የናፍታ ሞተር ፍሬኑን የሚያግዘውን ቫኪውም የሚያገኘው ዲናሞው ጀርባ ላይ ካለ ፓምፕ ነው፤ ሞተሩ በጎማው እየተገፋ እስከዞረ ድረስ ፓምፑም ይዞራል። ፍሪሲዮን ቢረገጥ ሞተሩ ይቆማል፣ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ከተረገጠ በኋላም ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። አባቴ ይህን በመጽሐፍ አላነበበም፤ በዚያ ቁልቁለት ላይ የሚነዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ማርሹን እንደያዘ ጥግ ይዞ ሲወርድ አምፖሏ መልሳ በራች፣ ሞተሩም ነጥቆ ተነሳ።

አዲስ አበባ ስንመለስ ጋሼን ያገኘሁት አባቴን ቀድሜ ሮጬ ነው። ያየሁትን በቅደም ተከተል እንድነግራቸው አደረጉ። የቱ ቀደመ? አምፖሏ ፈዛ ነው የጠፋችው ወይስ በአንዴ? ስትመለስስ ብልጭ ድርግም ብላ ነበር? ሰምተው ሲጨርሱ ሁለተኛ አምፖል ጨመሩ። አንዷን ከፊውዙ፣ ሌላዋን እንደ ቀድሞው ከፖምፓው ጋር አሰሩ። በሚቀጥለው መንገድ የፊውዟ በርታ ቀረች፣ የፖምፓዋ ጠፋች። ስለዚህ ቁልፉም ፊውዙም ንጹሕ ነበሩ፤ ጥፋቱ ከፊውዝ ወዲያ፣ ከፖምፓ ወዲህ ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ባቲ ድረስ ተበትኖ የነበረው ጥርጣሬ አንድ ክንድ ሽቦ ላይ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ቁልፉን ከፍተው፣ አምፖሏን እኔ እያየሁ፣ ሽቦውን ስንዝር በስንዝር እየነቀነቁ መጡ። ከመሪው ሥር ሲደርሱ አምፖሏ ጨፈረች። ጎንበስ ብለው ሲፈትሹ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ማንም የማያውቃት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አወጡ። ከእኛ በፊት የነበረው ባለቤት፣ ሌባ እንዳያስነሳት ብሎ፣ የፖምፓውን ሽቦ ቆርጦ በዚያች ድብቅ ማጥፊያ አሳልፎት ነበር። መኪናዋን ሲሸጥ አልነገረንም፤ ምናልባት ራሱም ረስቶት ይሆናል። ሽቦው የተቀጠለው በመጠምዘዝ ብቻ ነበር። ናስትሮው በሙቀት ቀልጦ ተንሸራትቷል፣ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ኮረኮንች ሲነካት ይላቀቃል፣ ሲረጋ ይገናኛል። ጋሼ ማጥፊያዋን አውጥተው ጣሉ፣ አዲስ ሽቦ ዘረጉ፣ መቀጠያውን በብየዳ አጣበቁት። የጠየቁት ዋጋ አባቴ ለፖምፓ ከከፈለው ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። አባቴ ጨምሮ ሰጣቸው፤ ተቀበሉት።

እኔ ከዚያ ክረምት ጀምሮ ግቢያቸው ውስጥ ነበርኩ። አሮጌ የናፍታ መኪና ብዙ ዓይነት አመል አለው፤ አንዳንዱ በአንድ ቃል ያልቃል። ሞተሪኖው «ቀጭ» ብሎ ሳይዞር ሲቀር፣ በሚቀጥለው ሙከራ ደግሞ ሲነሳ፣ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያሉት የመዳብ መነካኪያዎች ተበልተው ነው። ሞተሪኖውን በመዶሻ እየመቱ ከመኖር መነካኪያውን መለወጥ ይበጃል። የባትሪው መብራት ብልጭ ድርግም ሲልና ዲናሞው በዘይት ሲርስ፣ ጀርባው ያለው የቫኪውም ፓምፕ ዘይት ወደ ካርቦኖቹ እየለቀቀ ነው። የፊት መብራት ሲበራ የናፍታና የሙቀት ጌጆች አብረው ከተንቀሳቀሱ፣ ጌጆቹን ከመንቀል በፊት ዳሽቦርዱን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ ማየት ነው። ደብረ ብርሃን አድራ ጠዋት ነጭ ጭስ እያጨሰች እምቢ ያለች ሞተር፣ ስትሞቅ ደህና ከሆነች፣ ካንዴሊቷን ፈትሹ። ይህን ሁሉ የተማርኩት ግን ከአምፖሏ በኋላ ነው፤ ያለ እሷ ዝርዝር ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ዛሬ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የአውቶ መካኒክ ትምህርት አስተምራለሁ። አዲሶቹ መኪኖች ብልሽታቸውን በኮምፒውተር ይመዘግባሉ፤ ተማሪዎቼም መጀመሪያ የሚይዙት ስካነሩን ነው። ስካነር እወዳለሁ፤ ጋሼ ቢያገኙት ኖሮ ስንት ቀን ይተርፍላቸው ነበር። ግን ኮዱ «የሴንሰሩ ምልክት ተቋርጧል» ሲል የተቋረጠው ሴንሰሩ ይሁን ሽቦው አይናገርም። ሴንሰር ለውጠው፣ ደግመው ለውጠው፣ ሽቦው ግን ከሶኬቱ ሥር እንደላላ የመጣ መኪና በየጊዜው አያለሁ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ወጪው የሚከፈለው ከሹፌር ጉሮሮ ነው፣ ያ ሹፌር ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ አባቴ ያለ ሰው ነው።

ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ፈተና አለኝ። ከወርክሾፑ አሮጌ ናፍታ መኪና አንድ ሽቦ አላልቼ እደብቃለሁ፤ ከዚያ ሹፌር ሆኜ ዱካ ላይ እቀመጣለሁ። «ትጠፋለች» እላለሁ፤ ሌላ አልጨምርም። ኮፈን የሚከፈተው ትክክለኛ ጥያቄ ሲመጣ ነው። አብዛኞቹ «ፊልትሮ ተለውጧል?» ይላሉ። «ተለውጧል» እላለሁ። «ፖምፓውስ?» ይላሉ። «ተፈትቷል» እላለሁ። ዘንድሮ ከኋላ የተቀመጠች፣ ብዙ የማትናገር ልጅ ሌሎቹ ሲደክማቸው ጠብቃ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ስትጠፋ ዳሽቦርዱ ላይ ምን ምን በራ?»

«የባትሪና የዘይት።»

«ከመጥፋቷ በፊትስ ደክማ ነበር?»

«አይ። ድርግም።»

ልጅቱ ስካነሩን ጠረጴዛ ላይ ትታ ወደ መሣሪያ ሳጥኑ ሄደች፤ አምፖልና ሽቦ ፍለጋ።